የአባዬ እንግሊዝኛ

የሆስፒታሉ ነርስ ለአባቴ ውሃ አቀበለችው። ተቀበላት፤ በእሱ ፈንታ እኔ በእንግሊዝኛ አመሰገንኳት። «ኖ ወሪስ»፣ ግድ የለም፣ ብላኝ ወጣች። በልጅነቴ ሰው ሲያመሰግን «ኖ ፕሮብለም» ነበር የሚባለው። እሱም ጊዜው አለፈበት።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከአገር ወጥተን ሆፕኪንስ በምትባል ከተማ እንኖራለን። አባዬ አጠገባችን ባለችው ብሉሚንግተን ከተማ አንድ ሆቴል የሥራ ኢንተርቪው ስላለው ጫማውን ይቦርሻል። የቀለሙ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። አዲስ አበባ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርና፣ እንግዳ ቢያመሰግነው የሚመልሰውን እየቦረሸ ይለማመዳል። «ዩ አር ሞስት ዌልካም፣ ሰር።»

ሳቄ አመለጠኝ። «አባዬ፣ እንደዚህ የሚል ሰው የለም! ኖ ፕሮብለም ነው የሚባለው። ይስቁብሃል።»

ብሩሹ ቆመ። «ሰውየው አመሰገነኝ እንጂ ችግር አለብህ ወይ አለኝ?»

«እኔ እንጃ። ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው።»

ጫማውን አስቀመጠ። «ታዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ ምን ሳስተምር ነው የኖርኩት?» አለ ለራሱ። እኔ ሞኟ፣ «እንግሊዝኛ ነዋ!» ብዬ መለስኩለት።

ሥራውን አገኘ፤ ምድር ቤት ወርዶ አንሶላ ማጠብ፣ ከማንም ጋር የማያነጋግር። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጮህ ለእኔ ያቀብለኛል። «አንቺ አናግሪያቸው፤ የአሁኑን የምታውቂው አንቺ ነሽ።» ያን ጊዜ ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር።

ነርሷ ከወጣች በኋላ ዶክተሯ ገብታ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። የት ጋ እንደሚያመው ቀስ ብላ ጠየቀችው። ጥያቄው አሳምሮ ገብቶታል። እንደለመደው ግን ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ የት ጋ እንደሚያመው እኔ እንድናገርለት።