ከኮረብታዋ እመቤት የወደቀችው ቃል

ሁኒድ በዌልስ ተራሮች ቅቤ ስትንጥ የኖረች ባልቴት ናት። እየናጠችም ከእናቷ የወረሰችውን የኮረብታዋን እመቤት ተረት ታወራ ነበር። በአገሩ መሳፍንት ማዕድ ወንዶች ሲተርኩት ሥጋ ይቆረጥላቸዋል፤ ለሴቶቹ ግን አጓት ይበቃል! በተረቱ እመቤቲቱ የጠላ ዋንጫ ይዛ ትቆማለች። የወደደችውን ትመርጥና ዋንጫውን ትሰጠዋለች፤ ያን ጊዜ እሱ የአገሩ ጌታ ይሆናል።

ከባሕር ማዶ መጥቶ ሸለቆዋን የያዘው የኖርማን ጌታ የሁኒድን ልጅ ሌይኪን ለፈረሶቹ አዛዥ ሊድራት ቆረጠ። ሌይኪ ሰውየውን ማየት አትፈልግም፤ የጠየቃት ግን የለም። ሁኒድ ጌታው ተረት እንደሚወድ ሰምታ ነበርና፣ ሴት እንደምትመርጥ በተረት ልታስረዳው ወደ ግንቡ ወጣች። ጌታው ቋንቋዋን አያውቅም፤ አስተርጓሚው የገዛ ልጇ ኢድኔርት ነው።

«እማ፣ ይቅርብሽ» አላት በሩ ላይ።

«አንተ ዝም ብለህ ያልኩትን በል።»

ተረከች። ጌታው ደስ ብሎት ሳቀ፤ ከራሱ ሳህን ሥጋ ቆርጦ ሰጣት። በአገሯ ልማድ ይህ ልመናሽ ተሰማ ማለት ነው። ቤቷ እስክትደርስ በደስታ አለቀሰች።

«ገብቶታል ልጄ! ገብቶታል!» አለቻት ሌይኪን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፈረሰኞች ሌይኪን ሊወስዱ መጡ። ኢድኔርት አብሯቸው ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ የጌታውን ቃል አደረሰ። «እናቲቱ እንደተረከችው ይሁን ብሏል።»

«ምን ብለህ ነው የነገርከው?»

«እመቤቲቱ ተሰጠችው አልኩ።»

«ዋንጫውን ሰጠችው ነው ያልኩህ! አንተ የማትረባ!»

«እማ፣ እነሱ ዘንድ ወንድ የምትመርጥ ሴት ወይ ጠንቋይ ናት ወይ ጋለሞታ። ላንቺ ፈርቼ ነው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ቅቤ የናጠችው ሁኒድም ምንም ማድረግ አልቻለችም። ልቧ ተሰበረ። ፈራሁ ላለ ልጅ ምን ይባላል?

ሌይኪን ፈረስ ላይ አወጧት። በፈረሰኞቹ ጫጫታ ከእናቷና ከወንድሟ ንግግር ምንም አልሰማችም፤ የሰማችው የጌታውን ቃል ብቻ ነው።

«ሄደሽ የለመንሽልኝ መስሎኝ ነበር፣ እማ» አለች።

«ልጄ፣ እኔ አይደለሁም! ኧረ እኔ አይደለሁም!»

ሁኒድ እስከ በጎቹ በረት ድረስ እየጮኸች ተከተለቻት። ሌይኪ አንዴም አልዞረችም።