ወርቃማዋ የሰኮንድ ቆጣሪ

ባሌ ሺገዩኪ አባቱን ሲቀብር ዓይኑ አልራሰም፤ የድሮ ሰዓት ተወልውሎ ሲያብረቀርቅ ካየ ግን ፊቱ ይጠቁራል። ‹‹ቆዳውን ገፈውታል!›› ይላል። እዚህ ሱዋ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር፣ ሰዓት ፋብሪካ ውስጥ ያልሠራ ቤተሰብ ስለሌለ ከየመሳቢያው አሮጌ የእጅ ሰዓት አይጠፋም። እሱ የሚለቅመው ግን ከፋብሪካ እንደወጣ የቆየውን ብቻ ነው፤ መስታወቱ የራሱ፣ ማሰሪያው የራሱ፣ ጭረቱ ሳይቀር የራሱ። አንዲት ብሎን ከሌላ ሰዓት ከመጣች ‹‹ይሄ ሰዓት ይዋሻል›› ብሎ ይመልሰዋል። እኔንም ያገባኝ ኦርጅናል ስለሆንኩ ነው እያልኩ እቀልድበት ነበር፤ ጥርስ ካስተከልኩ ወዲህ ትቼዋለሁ።

ጎረቤታችን ሚያሳካ-ሳን ባላቸው በሞቱ ዓመት፣ ሙቀቱ ሲገባ፣ የሟቹን ሰዓት በመሐረብ ጠቅልለው መጡ። ኦቦን ደርሶ ነበር። በኦቦን በዓል ሙታን ወደየቤታቸው ይመለሳሉ፤ ሰው በሞተ የሚመጣው የመጀመሪያው ኦቦን ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል።

‹‹ሺገ-ሳን፣ ይሄ ነገር ቆሞብኛል። ሲመጣ እየሠራ ይቆየው ብዬ ነው›› አሉት።

የለመኑት ይህንኑ ብቻ ነበር። እሱ ግን ሰዓቱን ከፍቶ ሲያይ ዓይኑ አንድ ነገር ላይ ተተከለ። ሌሎቹ ቆጣሪዎች ብርማ ናቸው፤ የሰኮንዱ ቆጣሪ ብቻ ቀጭን፣ ወርቃማ፣ ከሴት ሰዓት የመጣ። ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት ይባል የለ? ለራሱ ያስቀመጠውን ትክክለኛውን ብርማ ቆጣሪ አውጥቶ ገጠመላቸው። ወርቃማዋን ከስብርባሪው ጋር ጣላት፤ የማይቃጠል ቆሻሻ የሚወሰድበት ቀን ሲደርስም አብራ ሄደች። ደግ የሠራ መስሎት ሲያፏጭ ዋለ።

ሚያሳካ-ሳን ሰዓቱን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አደረጉና ሳቁ። የሰዓቱን ፊት ሲያዩት ሳቁ ጠፋ።

‹‹ወርቃማዋስ?››

‹‹እሷማ የሴት ሰዓት ነበረች፤ አንዱ ተሳስቶ ነው የገጠማት። አሁን ኦርጅናል ሆኖልዎታል!››

‹‹የኔ ሰዓት ቆጣሪ ናታ! እጮኛሞች ሳለን የሱ ተሰበረ። ከፋብሪካ ሌላ ላምጣ ሲል፣ ‘ምን በወጣህ፣ ከኔ ንቀል’ አልኩት። ቀዳዳዋን በገዛ እጁ አስፍቶ ገጠማት። የኔ ሰዓት እስከ ዛሬ ያለ ቆጣሪ ነው።›› ድምፃቸው ወረደ። ‹‹አሁን ሲመጣ በምን ያውቀዋል?››

ባሌ በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንም። ያን ቀን ግን፣ ‹‹አስቀምጫታለሁ፤ ነገ መልሼ እገጥማታለሁ›› ብሎ ሰዓቱን ይዞ ተመለሰ።

ቤት ገብቶ የስብርባሪውን ሳጥን ገለበጠ። የለችም።

‹‹ሂድና ጣልኳት በላቸው›› አልኩት።

‹‹በኦቦን ዋዜማ?››

‹‹እውነት ደግሞ ቀን ትመርጣለች እንዴ?››

‹‹አንቺ ፊታቸውን አላየሽም።››

ከመስታወት ሳጥኑ ማንም ከፍቶት የማያውቅ የሴት ሰዓት አወጣ። እኔ እንኳ አቧራ ስጠርግ እንዳልነካው የሚጮህብኝ ሰዓት ነው። ከፈተው። ወርቃማዋን ቆጣሪ ነቀለ፣ ቀዳዳዋን አሰፋ፣ በጣቱ አሻሽቶ አደበዘዛት። አሳዘነኝም፣ አናደደኝም።

በማግስቱ አብሬው ሄድኩ። ሚያሳካ-ሳን በሟቹ ፎቶ ፊት ተንበርክከው ሰዓቱን በማጉያ መነጽር አዩት። እንባቸው ወረደ።

‹‹ይቺው ናት! እያት፣ ጫፏ እንዴት እንደደበዘዘ።›› ሰዓቱን ከፎቶው ሥር አስቀመጡ። ከዚያ ወደ ባሌ ዞረው፣ ‹‹እኔም ስከተለው ሰዓቱ ላንተ ይሁን። ሌላ ሰው እጅ ከገባ ዕቃውን ይቀያይርበታል። አንተ ብቻ ነህ እንዳለ የምትጠብቀው›› አሉት።

አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ግንባሩን ከምንጣፉ ላይ ደፍቶ ቀረ፤ እጅጌውን ጎትቼ ነው ያስነሳሁት። ሚያሳካ-ሳን አክብሮት መሰላቸው።

ከዚያ ወዲህ ባሌ ሰዓት አልገዛም። የሚያደንቁ እንግዶች መጥተው ‹‹ሁሉም ኦርጅናል ናቸው?›› ሲሉት ሻይ ላምጣ ብሎ ይነሳል። በየጠዋቱ ከአልጋው ወርዶ መጀመሪያ የሚያየው የሚያሳካ-ሳንን መስኮት ነው። ሳይከፈት ከዘገየ ሮጦ በራቸውን ያንኳኳል፤ ያማቸው እንደሆነ ሐኪም ቤት አዝሎ ያደርሳቸዋል። መንደሩ እንደሱ ያለ ጎረቤት የለም ይለዋል። እኔ ግን ምን እንደሚፈራ አውቃለሁ፤ እሳቸው የሞቱ ቀን ያ ሰዓት ቤታችን ይገባል።