የፍል ውሃው ግንበኛ

ቀኑ ጥር አሥራ ዘጠኝ ነበር። ነበር እንዴ? ልጅቱ አሁን አሁን ትጠራጠራለች። ጥር ቢሆን ጠዋቱ ይበርድ ነበር፤ እሷ የምታስታውሰው ግን ገና ከመኪናው ሳይወርዱ የእናቷ አንገት በላብ ርሶ ነው። የካቲትም ሊሆን ይችላል። እናቷ ብትኖር ትጠየቅ ነበር፤ የለችም። የማያጠራጥረው አንድ ነገር ነው፤ ያን ቀን ተናዶ ያልዋለ ሰው አልነበረም።

ሹፌሩ በመንገዱ ተናዷል። ከከተማው ከወጡ ወዲህ መንገድ ተብሎ የሚጠራ ነገር ስላልነበረ ለእያንዳንዷ ጉድጓድ የተለየ ስድብ አወጣላት። የልጅቱ ንዴት ግን አብሯት ያደገ ነው። እናቷ ግራ እግሯን እየጎተተች ደረጃ ስትወጣ ባየች ቁጥር፣ ብርድ ሲገባ የተቃጠለው ቆዳ እየተሳበባት ስታቃስት በሰማች ቁጥር አንድ ሰው ትረግማለች። ያ ሰው የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው።

አገር ምድሩ "ቁም" ይለዋል። ሥራው ግንበኝነት ነበር፤ በከተማው ከቆሙት ግድግዳዎች ስንቱ የእሱ እጅ ነው። በእረፍት ቀኑ ደግሞ የሩቁን ፍል ውሃ ማየት ለሚፈልጉ መንገድ ይመራል። ውሃው ገላ የሚታጠቡበት ዓይነት አይደለም፤ የሚንፈቀፈቅ ኩሬ ነው። ዙሪያው ያለው ነጭ መሬት ሲያዩት ደረቅና ጠንካራ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ግን እንደ ዳቦ ቅርፊት ስስ ነው፤ ከሥሩ የፈላ ውሃ ይሄዳል። ቁም መሬቱን በድጅኖ እየመታ ድምፁን ያዳምጥና ደህናው ቦታ ላይ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ያኖራል። ሰው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይራመዳል። አንዱ ዝንፍ ካለ "ቁም!" ይጮኻል፤ ሴትም ይሁን ወንድ ለእሱ ጩኸቱ አንድ ነው። የሰፈር ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙት ገና ሳይናገር እንደ ምሰሶ ይገተሩለታል። እሱ ይሳደባል፣ እነሱ ይስቃሉ።

እናትየው ገና ወጣት ሳለች ከእሱ ጋር ሄደች። ድንጋዩን አምና ስትረግጥ መሬቱ ከዳት፤ ጫማዋን የፈላ ውሃ ሞላው። ክሩ ጥብቅ ብሎ ታስሮ ስለነበር ቶሎ አልወለቀም። "ድንጋዩን ያለ ቦታው አኑረህ የገዛ እህትህን ቀቀልካት" አሉት የወለዱት እናቱ። "እኔ ያኖርኩት እዚያ አይደለም!" ቢል ማን ይስማው። ከዚያ ወዲህ ለሠርጓም አልመጣ፣ ስትወልድም አልመጣ።

ታዲያ ሐኪሙ ልቧ መድከሙን በነገራት ሰሞን እናትየው "ፍል ውሃው ጋ ውሰጂኝ" አለች።

"ምን ልትሠሪ?"

"ወንድሜ ጋ። የምነግረው አለኝ።"

"ስልክ ደውዪለታ!"

"የስልክ ነገር አይደለም።"

ሲደርሱ ቁም ድጅኖውን ተደግፎ ዛፍ ሥር ቆሟል። ፀጉሩ ሸብቷል። የእህቱን ፊት አላየም፤ ያየው ጫማዋን ነው።

"ክሩን ላላ አድርጊው" አለ።

"ሰላምታ የለም እንዴ?" አለች ልጅቱ።

"ሰላምታ እግር አያድንም። አንቺም ላላ አድርጊ። ውሃ ከገባበት በአንድ ርግጫ መውለቅ አለበት።"

"ያኔ ቢያውቁት ጥሩ ነበር፣ እርስዎ።" አንቱ ያለችው ለክብር አልነበረም፤ እንደ ባዳ ልታርቀው ነው።

ገባው። ወደ እህቱ ዞረና "አፏ ማንን ወጣ?" አለ።

"አንተን ነዋ!"

ሹፌሩ መቀመጫውን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረገው። "እኔ መኪናዬን እጠብቃለሁ። መቀቀል ካማረኝ ቤቴ ድስት አለ።"

"ማንም አይገባም" አለ ቁም። "መንገዱ ሞቷል።"

ልጅቱ አላመነችውም። ነጫጮቹ ድንጋዮች እንፋሎቱ ድረስ ቀጥ ብለው ተደርድረዋል። ቂሙ ነው እንጂ ምን ሊሆን ይችላል? ሲያስከፋት የኖረ ሰው አሁን ደግሞ እናቷን ሊመልሳት! ወደ መጀመሪያው ድንጋይ እግሯን አነሳች።

"ቁም!"

ተገተረች። እንደ ሰፈር ልጆቹ መሆኗ ይበልጥ አናደዳት። እሱ ግን አለፋትና ድንጋዩ አጠገብ ድጅኖውን አሳረፈ። እንደ ባዶ በርሜል አስተጋባ። ደግሞ ሲመታው ቅርፊቱ ተቀደደ፤ እንፋሎት ፊቱ ላይ ፈነዳበት።

"እኔ ነኝ ይኼን የሠራሁት! እኔ ደደቡ!" አለ እየጮኸ። "እግሯ ከተቃጠለ በኋላ ሲሚንቶ በአህያ ጭኜ መጣሁ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ለሰንኳቸው፤ ሰው እንዳይነካቸው፣ ከብት እንዳይገፋቸው። ግንበኛ ሌላ ምን መድኃኒት ያውቃል? ድንጋዩን አሰርኩት፤ ውሃው መች ታሰረልኝ! ከሥር ከሥር ሲሄድ ኖሮ መንገዴ ሥር ገባ። እንዲህ አምሮ የተገነባ ነገር ደግሞ ማን ይጠረጥራል? መሪ ሳይዙ ዘው ይላሉ። ይኸው ልነቅለው መከራዬን አያለሁ፣ አይነቀልም! እንዴት አድርጌ ነው የገነባሁት በፈጣሪ!" በመጨረሻው ንግግሩ ላይ ግን ትንሽ ኩራት ነበረበት።

"በሌላ በኩል ውሰደኝ" አለች እናትየው። "የምነግርህ ነገር የተቃጠልኩበት ቦታ ነው የሚነገረው።"

"አልወስድሽም!"

"ብቻዬን እሄዳለኋ።"

"ድሮም ግትር ነሽ! ድሮም!" አለና ነፋሱ ከኋላቸው እስኪዞር አስጠበቃቸው፤ እንፋሎቱ ከጋረዳቸው የሚረግጡት አይታይም። "እሷ የኔን ዱካ፣ አንቺ የእሷን። ብትደክሙም መቀመጥ የለም፣ መንበርከክ የለም።"

ከድንጋዮቹ ርቆ፣ አንድ መትቶ አንድ እየተራመደ፣ ሲበዛ በዝግታ መራቸው። አየሩ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ኩሬው ገና ራቅ ብሎ ሳለ "ከዚህ አናልፍም" አለ። ውሃው ዓይን የሚወጋ ሰማያዊ ነው፤ መሐሉ ላይ እያበጠ ይፈርሳል፤ ሲፈላ እንደ ወፍጮ ቤት ያገሳል። እናትየው ለመሰማት መጮኽ ነበረባት።

"ድንጋዩን ያንከባለልኩት እኔ ነኝ!"

ልጅቱ የሰማችውን አላመነችም።

"ደክሞኝ ነበር። ቀድመኸኝ ስትሄድ ልቀመጥበት ፈለግሁ። ስትመለስ እንዳትጮኽብኝ ብዬ ደግሞ መለስኩት፤ ቦታው መስሎኝ። እናታችን ሲሰድቡህ ልናገር ነበር። ሕመሙ አለ፤ ነገ አልኩ። ከዚያ ሠርጌ መጣ፤ ከዚያ እሷ ተወለደች፤ ከዚያማ እንዴት ተብሎ ይነገራል?"

"እማ!" አለች ልጅቱ። "ዕድሜዬን ሙሉ እሱን ስረግም እየሰማሽ?"

"እየሰማሁ።"

ንዴቷ ማረፊያ አጣ። ስታሳድገው የኖረችው ቂም ያለ ባለቤት ቀረባት፤ ትክክለኛ ባለቤቱ ደግሞ እናቷ ናት፤ ፊቷ ቆማለች።

"ወደ ቀኝ ነበር ያንከባለልሽው" አለ ቁም። "ዱካው መሬቱ ላይ ነበር።"

እናትየው ልትቀመጥ ጎንበስ አለች።

"ቁም!" ብብቷ ሥር ገብቶ አነሳት። ዓይኑ ደም ለብሷል። "እዚህ አይቀመጥም አላልኩም? እዚህም አልቆጣሽም። መጀመሪያ ደህና መሬት እንርገጥ።"

በመጡበት ዱካ፣ በዚያው ዝግታ መለሳቸው። ዛፉ ጋ ሲደርሱ እናትየው የመኪናው በር ላይ ተቀምጣ ቁጣውን ጠበቀች። ልጅቱም ጠበቀች። ሹፌሩ እንኳ ሬዲዮውን ዘጋ። ቁም ግን ጫማዋን አመለከታት።

"አሁን እሰሪው። እንዳትደናቀፊ።"

ድጅኖውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ድንጋዮቹ ተመለሰ።

ልጅቱ ያኔ ነው የገባት። ዱካውን አይቷል። እንግዲያው ማን እንዳንከባለለውም ያውቅ ነበር? እያወቀ ነው ያን ሁሉ ስድብ የተሸከመው፣ ወይስ ከብት ነው ብሎ ራሱን አሳምኖ ያን ሁሉ ሲሚንቶ ያፈሰሰው?

"አጎቴ!" አለች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ነፋሱ ዞረና እንፋሎቱ ሸፈነው። ድጅኖው ሲሚንቶውን ሲደበድብ ብቻ ይሰማ ነበር።