ነጠላዋን ትታ

ዛሬ ጠዋት ልጄን ሕፃናት ማቆያ ሳደርሳት ሻርፔን ይዛ አልለቅ አለች። የደባርቅ ብርድ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም ፈትቼ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት። ያን ጊዜ ከሻርፑ የፀጉር ቅባቴ ሽታ ሸተተኝ፤ እማማ ዘውዴ ቤት ያለሁ መሰለኝ።

እማማ ዘውዴ ጎረቤታችን ነበሩ። የሰፈሩ እናቶች ዳባት ገበያ ሲወርዱ እኛን ልጆቹን እሳቸው ዘንድ ይተዉናል። እናቴ ሁልጊዜ ቅቤ ቅቤ የሚሸት ነጠላዋን አልብሳኝ ትወጣለች። ማልቀስ ስጀምር እማማ የነጠላውን ጫፍ እጄ ላይ ይጠቀልሉና፣ «ዝም በይ ልጄ። እናትሽ ነጠላዋን ትታ የት ትሄዳለች? እደጅ ናት» ይሉኛል።

አምናቸዋለሁ። ግን አጎዛው ላይ አርፌ መቀመጥ አልችልም፤ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ።

አንድ ቀን በበሩ ሽንቁር አጮልቄ ሳይ፣ እናቴ ትከሻዋ ባዶውን፣ በዚያ ነፋስ፣ ወደ ዳባት መኪና ትሮጣለች።

«እማማ፣ ያለ ነጠላ ሄደች» አልኳቸው።

የነጠላውን ጫፍ እንደገና እጄ ላይ ጠቀለሉና፣ «እንግዲያማ ሲበርዳት ትመጣለች» አሉኝ።

ዛሬ ከማቆያው ግቢ ሳልርቅ ሞግዚቷ ከኋላዬ እየሮጠች ደረሰችብኝ። ሻርፔን ይዛለች።

«እህቴ፣ ረስተሽው ነው።»

የልጄ ለቅሶ እስከ መንገዱ ይሰማል።

«መልሽላት» አልኳት።

«ኧረ ይበርድሻል።»

«ይብረደኝ።»