ስምንት ሳንቲሜትር

ወደ ክፍሉ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ጣሪያውን ነበር፤ የሙያ ልማድ ይመስለኛል። የባሕር ዛፍ ወራጅ፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ ከሥሩም በላብና በእርጥብ ጭቃ ሽታ የታመቁ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ሰዎች። ቁጥሩን ዛሬ ብጠየቅ በእርግጠኝነት አልመልስም። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ የሰማሁትን ድምፅ ግን እስከ አሁን እሰማዋለሁ።

የታሪካዊ ሕንፃዎች ታሪክ አጥኚ ነኝ። ወደዚያች የከምባታ ከተማ የሄድሁት በቀድሞ ዘመን ችሎት ይሰየምበት የነበረ አንድ የድንጋይ ቤት ሊፈርስ መሆኑን ሰምቼ ነው። ነዋሪዎቹ ቤቱ በቅርስነት እንዲመዘገብ ፊርማ አሰባስበው አቤቱታ አቅርበው ነበር። ሰሞኑ የዞንና የወረዳ መዋቅር ጥያቄ የተጋጋለበት በመሆኑ ግን ማንኛውም ፊርማ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። አቤቱታውን ማን እንዳረቀቀው ሹማምንቱ አላወቁም፤ እኔ ግን አውቅ ነበር። የአራት ልጆች አባት የሆነ የዚያው ከተማ መምህር ነው።

የመለኪያ ሜትሬንም ጫፍ የያዘልኝ እሱ ነበር። የጓሮውን ግድግዳ በማለዳ ለካን፤ እንሰቱ ከልሎን ስለነበር ማንም አላየንም። እሱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ፤ እኔን ማረፊያዬ ሳልደርስ ፖሊሶች ያዙኝ።

በእኛ ሥራ በእያንዳንዱ የልኬት ወረቀት ግርጌ ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዱ ለለካው፣ ሌላው ሜትር ለያዘው። ስሞቹ የሚሞሉት ሥራው ሲያልቅ ነው። እኔ የራሴን ስም ቀድሜ ጽፌ ነበር። ሁለተኛው መስመር ባዶ ነበር፤ እዚያ የሚገባው ስም ወደ አቤቱታው አርቃቂ ያደርሳቸው ነበር።

መርማሪው ረጋ ያለ ሰው ነበር፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አልሰማሁም። ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ ጣቱን ባዶው መስመር ላይ አሳረፈ።

«ዶክተር፣ ሜትሩን ማን ያዘልዎት?»

የሜትሩን ጫፍ ግድግዳው ላይ በመታሁት ምስማር አስሬ ብቻዬን መለካቴን ነገርሁት። ጻፈው። ያበቃ መስሎኝ ወደ ክፍሉ ተመለስሁ።

ከጎኔ የሚተኛው የአዲሎ ከተማ እህል ነጋዴ «ኢንጅነር» ነበር የሚለኝ። ኢንጅነር አለመሆኔን ሳስረዳው፣ ፈራሽ ቤት ስለምወድ መንግሥት የምወደውን መርጦ እንደሰጠኝ ነግሮኝ የክፍሉን ሰው ሁሉ አሳቀ። ከቤቱ የመጣለትን ቆጮ ቆርሶ እያቀበለኝ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስም የሰጠ ሰው ቶሎ እንደሚወጣ አጫወተኝ።

«ከወጣህ በኋላ ግን በዚህ አገር መንገዱም ገበያውም አንድ ነው፤ ሰውየውን ታገኘዋለህ» አለኝ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሁለት ፖሊሶች ከጣቢያው ማዶ ወዳለው ወደዚያው አሮጌ የድንጋይ ቤት ወሰዱኝ። መርማሪው ጓሮው ውስጥ ሜትሬን፣ መዶሻና ምስማር ይዞ ይጠብቀኝ ነበር።

«ያን ቀን እንደለኩት ይለኩልኝ።»

ምስማሩን ድንጋዮቹን በሚያያይዘው ጭቃ ውስጥ መትቼ የሜትሩን ጫፍ አሰርሁበት። ወደ ሌላው ማዕዘን ስሄድ እንሰቱን የሚያንቀሳቅሰው ነፋስ ሜትሩንም ያወዛውዘው ነበር። ምስማሩ እንዳይነቀልብኝ ስለፈራሁ አጥብቄ አልሳብሁትም፤ መሐሉ ረገበ። የረገበ ሜትር ደግሞ ሁልጊዜ አርዝሞ ያሳያል። ቁጥሩን ሳላነብ ገና አውቄው ነበር። መርማሪው ራሱ ጎንበስ ብሎ አነበበና ከወረቀቱ ጋር አስተያየ።

«ስምንት ሳንቲሜትር ይበልጣል» አለ። «ዶክተር፣ ይህ ስምንት ሳንቲሜትር ሰው ነው። ስሙን ይጻፉልኝና ዛሬውኑ ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ከስም ሌላ አንድ መልስ ብቻ ነበር፤ እሱም የመጀመሪያው ልኬት የተሳሳተ ነው ማለት። የቤቱን ዕጣ የሚወስነው ኮሚቴ የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ በእጁ የሚገባውም ማስረጃ የእኔ ልኬት ብቻ ነው። ግድግዳውን አየሁት። ጥርብ ድንጋዩ ፀሐይ አርፎበት ነበር።

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ «የመጀመሪያው ልኬት ስሕተት አለበት። ስሕተቱ የእኔ ነው። ሜትር የያዘ ሰው የለም» ብዬ ጻፍሁ። ከነማዕረጌ ስሜን አስፍሬ ፈረምሁ።

መርማሪው ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይህን ወረቀት የማየው እኔ ብቻ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ» አልሁት።

ሳቅ ያለ ይመስለኛል፤ ምናልባት ይህን ኋላ የጨመርሁት እኔ እሆናለሁ። ከሳምንት በላይ አቆይተው ያለ ክስ ለቀቁኝ። ኮሚቴው ልኬቱ አጥኚው ራሱ ስሕተት ነው ያለው ስለሆነ አይታመንም ብሎ ወሰነ፤ ቤቱም ክረምቱ ሳይገባ ፈረሰ። ባልጽፍ ኖሮ ይተርፍ እንደነበር የማውቅበት መንገድ የለም። አንዳንድ ቀን አይተርፍም ነበር እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ይህን ማለት አልችልም።

ወረቀቱ ግን አልጠፋም። ለጥናት ሥራ ባመለከትሁ ቁጥር አንድ ሰው ያነሳብኛል። ባለፈው ዓመትም አንድ ወጣት ባልደረባዬ በስብሰባ መሐል፣ እንዲህ ያለ ስሕተት እንዴት እንደሠራሁ በአክብሮት ጠየቀኝ። ቸኩዬ ነበር አልሁት። አንገቱን ነቅንቆ ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

መምህሩ ዛሬም እዚያው ያስተምራል። አልፎ አልፎ ሆሳዕና ከተማ እንገናኛለን፤ ሻይ እየጠጣን ስለ ልጆቹ ያጫውተኛል። ትልቋ ዘንድሮ ነርስ ሆናለች።