ከነጩ ቀለም ሥር

ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ዳሳሹ ነው የምንለው። አሮጌ መኪና ሲመጣለት ዓይኑን ጨፍኖ ላሜራውን በመዳፉ ይዳብሳል። «እዚህ ጋ ተመትታለች» ይላል፤ ሲፋቅ ያው ነው። እኔ ከጎኑ የምሠራው በያጅ ነኝ፣ ሰው ሥራ ውስጥ መግባት እወዳለሁ። እሱ ግን አፉን በስቱኮ የደፈኑት ይመስል ዝም ነው።

ሙያውን ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ነው። ወንድምየው አንድ ልማድ ነበረው፤ ስቱኮ ለጥፎ ሲጨርስ፣ ሳይደርቅ፣ ማንም በማያየው የበር ማጠፊያ ሥር አውራ ጣቱን ይጫናል። ቀለሙ ከላይ ይለበሳል፣ አሻራው ታች ይቀራል። ዳሳሹም ይህንኑ ወረሰ።

ወንድምየው አንድ ጠዋት ለሥራ እንደወጣ ቀረ። እናታቸው «ሬሳ ሳላይ እርሜን አላወጣም» አሉ፤ አረጁ እንጂ አላለቀሱለትም። ጣሪያው ቢያፈስም ከዚያ ቤት ንቅንቅ አይሉም። «ልጄ ሲመጣ የማያውቀውን በር ያንኳኳ?» ይላሉ።

ከዓመታት በኋላ አንዲት ጥቁር አሮጌ መኪና ከጨረታ ተገዝታ መጣች። ባለቤቱ እንደ ጥንቷ ሊያድሳት ፈልጎ እስከ ብረቷ እንድትላጥ አዘዘ። ዳሳሹ ቀለም ማንሻውን ሲቀባት ጥቁሩ ተነፋ፣ ተኮማተረ፣ እንደ ወተት ስልባቦት ተገፈፈ። ከሥሩ ነጭ ወጣ፤ ከነጩ ሥር ባዶ ብረት። እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ሲዳብሳት፣ የሾፌሩ በር ማጠፊያ ሥር ሲደርስ እጁ ቆመ። ዓይኑ እንደተጨፈነ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን ሆንክ?»

«ጣቴን ያዘኝ» አለ።

ሳቅሁ። ጠጋ ብዬ ሳይ ሳቄ ጠፋ። ነጩ የተላጠበት ስቱኮ ላይ አውራ ጣት ታትሟል፤ ላሜራ የቆረጠው ጠባሳ መሐሉን አግድም አልፎበታል። ከወንድሙ ጋር ሠርቻለሁ፣ ያንን ጣት አውቀዋለሁ።

«ከመጥፋቱ በፊት ይሆናላ» አልኩ።

«እሱ ከጠፋ በኋላ ብቻዬን የቀባሁት የመጀመሪያው መኪና እንዲህ ያለ ነበር። ሰማያዊ። ያቺው ከሆነች፣ ሌላው ቢፋቅ እንኳ ከዚህ ስቱኮ ሥር ሰማያዊ ይወጣል። ከወጣ፣ በሕይወት ነበር ማለት ነው።»

«ታዲያ ፋቀዋ!»

«ጣቱንስ?» አለኝ። ለማወቅ አሻራውን ማጥፋት ነበረበት፤ ከወንድሙ የቀረለት ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ስፓቱላውን አነሳ፣ ሦስት ጊዜ መለሰው። አላስቻለኝም፣ ሄጄ እናትየውን አመጣኋቸው።

እናት ጣታቸውን ጎድጓዳው ውስጥ ከተቱ። ዳሳሹ ነገሩን ከጥግ እስከ ጥግ አስረዳቸው።

«ፋቀው» አሉ። «እኔ ልጅ እንጂ ጣት አላሳደግኩም።»

ስፓቱላውን አስገባ። ስቱኮው እየተፈረፈረ ወረደ። ሰማያዊ ነበር። ሰማያዊው ላይ ደግሞ የዳሳሹ የራሱ አውራ ጣት ቁጭ ብሏል፣ ልክ የወንድሙ በነበረበት ቦታ። ወንድምየው ነጩን ለመቀባት መኪናዋን በሙሉ እስከ ብረቷ ሲፍቅ ያቺን አሻራ ብቻ ትቷታል። አይቷታል፣ የማን እንደሆነች አውቋል፣ የራሱን ጣት ከላይዋ ጭኖ ሄዷል።

እናት እልልታውን አቀለጡት። «ልጄ አለ! ልጄ አልሞተም!»

መሐል ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። ማጠፊያውን ብዙ ካዩ በኋላ ወደ ዳሳሹ ዞሩ።

«እኛ እኮ ቤት አልቀየርንም» አሉ።