የኻዲጃ እጅ

ሙልኪ የተቦካውን ሂና በሾጣጣው ፕላስቲክ ውስጥ እየጠቀጠቀች አፉን በክር ታስራለች። ጣቶቿ ከዓመት ዓመት ቡናማ ናቸው። ድሬዳዋ አድጋ ሃርጌሳ ከተመለሰች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኮድቡር ሰፈር በተከራየቻት አንዲት ክፍል ሙሽሮችንና የዒድ ሴቶችን ሂና ትቀባለች።

ሰሞኑን ግን በሯን የሚያንኳኳ ጠፋ። ለሱቆች ማስታወቂያ እየጻፈች የምትኖረው ጎረቤቷ ቲቲ ሳቀችባት።

«ሙልክዬ፣ ሰው የሚሄደው ሰው ወዳለበት ነው። ‹ትናንት የሠራሁት› ብለሽ አንድ ፎቶ ለጥፊ።»

«ትናንት እኮ ድስት ሳጥብ ነው የዋልኩት።»

«ድስቱን ማን አየው! ከድሮዎቹ ምረጪ።»

ሙልኪ ከስልኳ አንዱን መረጠች፤ ከጣት ጫፍ እስከ ክንድ የወጣ ያማረ ሐረግ። ሥሩ በሶማሊኛ «ትናንት የሠራሁት፤ ፍጠኑ» ብላ ዋትስአፕ ላይ ለጠፈችው። ምሳ ሳይደርስ አራት ሴቶች ደወሉ። ደስ ብሏት ለቲቲ ሳምቡሳ ገዛችላት።

አምስተኛዋ ደዋይ ዴቆ ነበረች፤ በርበራ የምትኖር፣ የደንበኛዋ የኻዲጃ ባል እህት።

«ወንድሜ ከተቀበረ ገና ሃያ ቀኑ ነው» አለች። «ሚስቱ ለማን ልታጌጥ ነው ትናንት እጇን የሰጠችሽ?» መልስም ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው።

ሙልኪ ፎቶውን መልሳ አየችው። አንጓው ላይ ዘይት ያቃጠለው ጠባሳ አለ። የኻዲጃ እጅ ነው፤ ያምና ዒድ የቀባችው። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ሂና እንደማትነካ ሙልኪ አጥታው አይደለም። ለቅሶው ላይም ይህንኑ እጅ ይዛ አልቅሳለች። ስትመርጥ ግን ሐረጉን እንጂ እጁን አላየችም።

ፎቶውን ከዋትስአፕ አነሣችው። ከሰው ስልክ ግን እንዴት ይነሣል?

«ዝም በይ» አለች ቲቲ፣ ሳምቡሳው እጇ ላይ እንደቀረ። «በሦስት ቀን ይረሳል። ዋሽቼ ነው ብለሽ ከጻፍሽ ማን ይመጣልሻል?»

«እኔንስ ይርሱኝ። በእሷ ስም የወጣውን ነውር በምን ይረሱታል?»

በባጃጅ ኻዲጃ ወደምትኖርበት፣ 26 ጁን ወደሚባለው ሰፈር ሄደች። ኻዲጃ ነጭ ለብሳ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ሂና ያልነካቸውን ሁለት እጆቿን ዘረጋችላት።

«እዚህ የመጣ ያየዋል» አለች። «ያልመጣውን ምን ላድርገው? ሐዘኔ ሳያልቅ ከቤት አልወጣ፣ እየዞርኩ እጄን አላሳይ።»

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እህቴ» አለች ሙልኪ፣ ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሣ።

«እኔስ አውፍ ልበልሽ። የጻፍሽውን ግን ጽፈሽ አንሺው።»

ሙልኪ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጻፈች። መጀመሪያ «በስሕተት» አለች፤ ስሕተት አልነበረምና አጠፋችው። ቀጥላ «ውድ ደንበኞቼ» አለች፤ ይህም ሱቅ ሱቅ ሸተታት፣ አጠፋችው። በሦስተኛው እንዲህ ወጣ፦ «ትናንት ሥራ አልነበረኝም። ፎቶው ያምና ዒድ ነው። ሳላስፈቅድ የለጠፍኩትም፣ ቀኑን የዋሸሁትም እኔ ሙልኪ ነኝ። ባለእጇ ነውር የለባትም።» ለኻዲጃ አነበበችላትና ያው ዋትስአፕ ላይ ለጠፈችው። ከደወሉት አራት ሴቶች ሁለቱ ሳይመጡ ቀሩ።

ዛሬ ሙልኪ በየፎቶው ሥር ቀኑን ትጽፋለች፤ ከመለጠፏ በፊት ባለእጇን ትጠይቃለች። ሥራ ከሌላት «ዛሬ ባዶ ነኝ፣ ኑ» ትላለች፤ የሚመጣ አልጠፋም። ኻዲጃ ፊት ስትደርስ ግን አሁንም ቡናማ ጣቶቿን ከሻሿ ሥር ትሸሽጋለች።

ለእናንተም ልመና አላት። «ያ ጠባሳ ያለበት እጅ ስልካችሁ ውስጥ ካለ አጥፉልኝ» ትላለች፤ «ያሳያችሁትን ሰው ፈልጋችሁም ያምናው ነው በሉልኝ። እኔ ቤት ለቤት ዞሬ አልዘልቀውም።»